«እስካወቅነው ድረስ»፦ የንግድ ውሎች በሥራ ቦታ የሚደርስን ጾታዊ በደል እንዴት እንደ ተረጐሙት

ስለ ውል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ስለ ዕዳ፣ ስለ ሸቀጥ፣ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ መድን ነው። ውል በሰው ክብር ላይ ስለሚሠራው ሥራ ግን ያን ያህል አልተጻፈም። እኛ በዚህች አጭር ጥናት የምንመረምረው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንዲት ሠራተኛ በሥራዋ ቦታ ጾታዊ በደል ደረሰብኝ ብላ ስትናገር፣ ንግግሯ «አቤቱታ» ተብሎ መቈጠሩን የሚወስነው ማን ነው? ሕግ ነው፣ ዳኛ ነው፣ ወይስ ሁለት ነጋዴዎች የፈረሙት ወረቀት? ለምርመራችን የመረጥነው የዩናይትድ ስቴትስን ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ነጋዴዎች በመካከላቸው የሚዋዋሉት ወረቀት በብዛት ለሕዝብ የሚገለጠው በዚያ አገር ስለ ሆነ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ነገሩ የቈየ ቢሆንም ስሙ አዲስ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በሰባተኛው ክፍሉ፣ አሠሪ በጾታ ምክንያት ሠራተኛን ከሠራተኛ እንዳያበላልጥ ከለከለ፤ ስለ ትንኮሳ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። በ1975 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በኢታካ ከተማ የተሰበሰቡ ሴት ሠራተኞች የደረሰባቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ ዛሬ «ጾታዊ ትንኮሳ» ብለን የምንተረጕመው የእንግሊዝኛ ስያሜ በሰፊው የተሠራጨው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1980 የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ያልተፈለገ የወሲብ ጥያቄን፣ እንዲሁም የሥራውን አካባቢ የሚያስፈራና የሚያስጨንቅ የሚያደርገውን ንግግርና ድርጊት በመመሪያው ተረጐመ። በ1986 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባንክ ሠራተኛ በነበረችው በሜሼል ቪንሰን ጉዳይ፣ ሠራተኛዪቱ በገንዘብ ባትጐዳ እንኳ በደሉ ራሱ ሕጉን መጣስ ሊሆን እንደሚችል በአንድ ድምፅ ወሰነ።

እስከዚህ ድረስ ትርጕሙ በሕግ እጅ ነበር። ውል ይህን ሕግ አልሻረውም፤ ሊሽረውም አይችልም። ነገር ግን ሕጉን ሳይነካ በዙሪያው አጥር ሠራ።

የመጀመሪያው አጥር የግልግል ዳኝነት ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዘመድ ዳኝነት ሲል የጠራው መሆኑ ነው። በ1925 የወጣው የአሜሪካ የግልግል ሕግ በተለይ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ ፍርድ ቤት ሳይጕላላ እንዲስማማ የታሰበ ነበር። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕግ ለአብዛኞቹ የቅጥር ውሎችም እንደሚሠራ ፈረደ። ከዚህ የተነሣ አንዲት ሠራተኛ በተቀጠረችበት ቀን ከሌሎች ብዙ ወረቀቶች ጋራ የፈረመችው አንቀጽ፣ ከዓመታት በኋላ የሚደርስባትን በደል ዳኛና ጋዜጠኛ በሌለበት ክፍል እንድታሰማ ያስገድዳት ጀመር። የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ የነበረችው ግሬችን ካርልሰን በ2016 የፎክስ ኒውስን የበላይ ሮጀር ኤይልስን ስትከስ፣ ኩባንያውን ትታ ሰውየውን ብቻ በስሙ መክሰሷ በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ከኩባንያው ጋራ የተፈራረመችው ውል የግልግል አንቀጽ ነበረበት። ኤይልስ ክሱን ክዷል፤ ኩባንያው ግን በዚያው ዓመት በመስከረም 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱ ተዘግቧል። እንዲህ ያለ ጠበቃና ስም የሌላት ጸሓፊ ወይም አስተናጋጅ ብትሆን ምን ታደርግ እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ሁለተኛው አጥር የምስጢር ውል ነው። ዜልዳ ፐርኪንስ የፊልም ነጋዴው የሃርቪ ዋይንስታይን ረዳት ሆና በለንደን ትሠራ ነበር። በ1998 አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሰውየው ሊደፍረኝ ሞከረ ብላ ስለ ነገረቻት ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ፤ ነገሩም በጠበቆች በኩል በውል ተዘጋ። ለሁለቱ የተከፈለው 250,000 ፓውንድ ነበር። ፐርኪንስ በ2018 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ እንዳስረዳችው፣ የፈረመችውን ውል ቅጂ እንኳ በእጇ እንድትይዝ አልተፈቀደላትም። ይህ ነጥብ በጣም አስደንቆናል። በውል ሕግ ትምህርታችን ተዋዋይ ወገን ግዴታውን ማወቅ አለበት ሲባል እንሰማለን፤ ይህች ሴት ግን እንዳትናገር የተከለከለችውን ነገር ዝርዝር ሳታነብ ለ19 ዓመታት ዝም አለች። ዝምታዋን የሰበረችው በ2017 በጥቅምት ነው።

በዚያው ወር የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ የዋይንስታይንን ነገር ካወጣ በኋላ፣ ሰውየው ራሱ ከገዛ ኩባንያው ጋራ በ2015 የተዋዋለው የቅጥር ውል ታወቀ። ከተመለከትናቸው ሰነዶች ሁሉ ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው። በጊዜው እንደ ተዘገበው፣ ሰውየው የኩባንያውን የሥነ ምግባር ደንብ በሚጥስ መንገድ ሰውን ቢበድልና ኩባንያው በዚህ ምክንያት ገንዘብ ቢከፍል፣ ዋይንስታይን የወጣውን ወጪ ይተካል፤ በዚያም ላይ ለመጀመሪያው ጊዜ 250,000 ዶላር፣ ለሁለተኛው 500,000፣ ለሦስተኛው 750,000፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 1,000,000 ዶላር መቀጫ ይከፍላል። ይህን ከከፈለ ጥፋቱ እንደ ታረመ ይቈጠርለታል።

ይህን አንቀጽ ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። አራተኛውንና አምስተኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያሰበ ውል ነው። በ2018 በየካቲት የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውንና ወንድማማቾቹን ሲከስ፣ ውሉ በደሉን በመከልከል ፈንታ ዋጋ እንዳወጣለት ገልጿል። እኛ ግን ከዋጋው ይልቅ ትርጓሜውን እንመለከታለን። በዚህ ውል ዓይን በደል ማለት ኩባንያውን ገንዘብ ያስወጣ በደል ነው። የተፈራች፣ ያልተናገረች፣ ወይም ተናግራ ምንም ያልተከፈላት ሴት በሒሳቡ ውስጥ የለችም። የምትቈጠረው ኪሳራ ካመጣች ብቻ ነው፤ መቀጫውም የሚገባው ለኩባንያው እንጂ ለእርስዋ አይደለም።

ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ውል መጣ። አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ሻጩ ብዙ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ግብሬን ከፍያለሁ፣ ርስቴ የራሴ ነው፣ በፍርድ ቤት የተደበቀ ክስ የለብኝም ይላል። ከእነዚህ ማረጋገጫዎች ጐን አዲስ ቃል ገባ፤ ጠበቆችና ጋዜጦችም «የዋይንስታይን አንቀጽ» አሉት። አጻጻፉ ከውል ወደ ውል ይለያያል፤ ነገር ግን የተለመደው መልኩ እንዲህ ያለ ነው፦ ሻጩ እስካወቀው ድረስ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ፣ በኩባንያው ዲሬክተሮችና ከፍተኛ ሹማምንት ላይ የጾታዊ ትንኮሳ አቤቱታ አልቀረበም፤ እንዲህ ያለውን አቤቱታ ለመጨረስ የተደረገ የዕርቅ ውልም የለም፤ በአባሪው ከተዘረዘሩት በቀር።

በዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት ቃላት እያንዳንዳቸው በር ናቸው። «ከፍተኛ ሹማምንት» ሲል የፋብሪካው ክፍል አለቃ ከውጭ ይቀራል፤ አንዳንዱ ውል ደረጃውን ዝቅ አድርጎ ሌሎችን የሚያዝ ሠራተኛ ሁሉ ይላል፣ ብዙው ግን አይልም። «5 ዓመት» ሲል ስድስተኛው ዓመት ይሞታል፤ ሌላው ውል 3፣ ሌላው 10 ይላል፤ ቍጥሩ የሚወሰነው በገበያው ክርክር እንጂ በበደሉ ክብደት አይደለም። «አቤቱታ» ራሱ በጽሑፍ ለአስተዳደር የገባ ነው፣ ወይስ በአፍ የተነገረም ይጨምራል? ጠበቆቹ ብዙ የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ሰፊው በር ግን «እስካወቀው ድረስ» የሚለው ነው። በእነዚህ ውሎች «ዕውቀት» ማለት ብዙ ጊዜ በስም ተለይተው የተጻፉ ጥቂት ሰዎች የሚያውቁት ማለት ነው። እነዚህም ሰዎች ብዙውን ጊዜ አቤቱታው ሊቀርብባቸው የሚችሉት እነዚያው ሹማምንት ናቸው።

እዚህ ላይ የምስጢሩ ውልና የሽያጩ ውል ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ውል የተበደለችው ሴት ዝም ትላለች፤ ከዓመታት በኋላ ሻጩ «አልሰማንም» ብሎ ሲፈርም፣ ዝምታዋ የሻጩን ቃል እውነት ያደርገዋል። ሻጩ ቢያውቅና በአባሪው ቢዘረዝር እንኳ፣ ዋናው ውል ለገንዘብ ገበያው ተቈጣጣሪ ቀርቦ ሕዝብ ሲያነበው አባሪው እንደ ልማዱ አብሮ አይወጣም። ስለዚህ ተመራማሪ የሚያገኘው «ከተዘረዘሩት በቀር» የሚለውን ብቻ ነው፤ የተዘረዘረው አንድ ይሁን አሥር አያይም።

አንቀጹ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ በዚህ ነገር ከባልንጀሮቻችን ጋራ ብዙ ተከራክረናል። አንቀጹ ከገባ ወዲህ ገዢዎች ቀድሞ የማይጠይቁትን መጠየቅ ጀምረዋል፤ ማረጋገጫው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ከዋጋው ከፊሉ እንዲመለስ በአደራ ገንዘብ ያስይዛሉ። ገንዘብ የሚያስፈራው ቦርድ ደግሞ ይሠራል። በ2018 በታኅሣሥ የሲ.ቢ.ኤስ. ቦርድ ሌስ ሙንቭስ የተባለውን ሥራ አስኪያጅ በውሉ «በጥፋት የተሰናበተ» ብሎ 120 ሚሊዮን ዶላር ከለከለው፤ ሰውየው የቀረበበትን ውንጀላ ቢክድም በ2021 ክርክሩ ሲያልቅ አንድ ሳንቲም አላገኘም። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ የተመለሰው ወደ ኩባንያው ነው። የሽያጩም ውል የሚጠብቀው የገዢውን ገንዘብ ነው።

በአገራችን ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማማ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ መገፋፋትን ራሱ ተረጐመ፤ ይህ ሲደረግ በኀይል ከታገዘም ለብቻው ስም ሰጠው። በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ እንዲህ የተበደለ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። የቅጥር ውልም ከሕጉ ያነሰ መብት ሊሰጥ ስለማይችል ትርጓሜውን ማጥበብ አይቻለውም። አዋጁ ግን የሚናገረው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ስላለው ነው፤ ሁለት ኩባንያዎች ሲገበያዩ ስለሚጽፉት ማረጋገጫ አይደለም።

የአሜሪካ ምክር ቤት ወደ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2017 በታኅሣሥ በወጣው የግብር ሕግ፣ በምስጢር የታሰረ የትንኮሳ ዕርቅ ክፍያ ከግብር ሒሳብ እንዳይቀነስ ተደረገ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2022 ነው። በመጋቢት 3 ቀን የተፈረመው ሕግ የ1925ቱን የግልግል ሕግ አሻሻለ፤ ጠቡ ሳይነሣ አስቀድሞ የተፈረመ የግልግል አንቀጽ የጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት ከሳሽን እንዳያስገድዳት፣ ምርጫው የራስዋ እንዲሆን ደነገገ። ትንኮሳ ምን እንደ ሆነም በውሉ ቃል ሳይሆን በሚጸናው ሕግ እንዲመዘን አዘዘ። በዚሁ ዓመት በታኅሣሥ 7 ቀን የተፈረመው ሁለተኛው ሕግ ደግሞ አስቀድመው የተፈረሙትን የምስጢር አንቀጾች በእነዚህ ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ አደረገ።

በሁለቱም ሕጎች ወሳኙ ቃል «አስቀድሞ» የሚለው ነው። በደሉ ከደረሰና ጠቡ ከተነሣ በኋላ፣ ገንዘብ ተቈጥሮ የሚፈረመውን የዝምታ ውል የታኅሣሡ ሕግ አልነካውም። ካሊፎርንያን የመሰሉ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በገዛ ሕጋቸው ከልክለውታል፤ በሌሎቹ ግን ዛሬም ይፈረማል። ዜልዳ ፐርኪንስ በ1998 የፈረመችው ውል እንዲህ ያለው ነበር፤ በለንደን በመፈረም ፈንታ በአሜሪካ፣ በዚህ ሕግ ዘመን ተፈርሞ ቢሆን እንኳ ሕጉ ባላገኘውም ነበር።