ደንበኝነት ከዱቤ መዝገብ እስከ ቴሌግራም

የአዲስ አበባ ነጋዴ ደንበኛ መያዝን ከፌስቡክ አልተማረም። ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመንም ሆነ ጣሊያን በወረራው ወቅት ወደ ዛሬው መርካቶ ካዛወረው በኋላ፣ ሻጭና ገዢ የሚተሳሰሩት በዱቤና በምርቃት ነበር። ብር የጎደላትን እናት «ግድ የለም ውሰጂው፣ ሲመችሽ ታመጪዋለሽ» ብሎ የሸኘ ባለሱቅ ለዓመታት የማትለየውን ገዢ አፈራ።

ጋዜጣና ሬዲዮ ሲመጡ ነገሩ ተቀየረ። በ1933 ዓ.ም. መታተም እንደጀመረው አዲስ ዘመን ባሉ ጋዜጦች ማስታወቂያ ያወጣ ድርጅት ለብዙ ሺህ ሰው መናገር ቻለ፤ የገዢው ቅሬታ ግን የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ቢገባም ቀፎውም ሲሙም ለብዙኃኑ የማይቀመስ ስለነበር ክፍተቱ ለረጅም ጊዜ አልተሞላም።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2007 ለድርጅቶች የሚሆን ገጽ ሲከፍት አብዛኞቹ የያዙት እንደ ሌላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሌላ ጥቅም እንዳለው በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ይመስለኛል። የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ፣ የኔዘርላንዱ አየር መንገድ ኬኤልኤም በጥያቄ ተጥለቀለቀ፤ ሠራተኞቹም በየአገሩ ለቀሩት መንገደኞች በፌስቡክና በትዊተር መልስ መስጠት ያዙ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ሌት ተቀን የሚመልስ ቡድን አቋቋመ። መንገደኛው በዚያ ጭንቅ የፈለገው የሚያምር ፎቶ ሳይሆን መልስ ነበር።

እኛ ዘንድ ትልቁን ሚና የያዘው ቴሌግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቻናል» የሚባለውን ሲጀምር፣ ድረ ገጽ የማሠራት አቅም ያልነበረው ባለሱቅ በነፃ መደርደሪያ አገኘ። የሽሮ ሜዳን ልብስ ሻጮች እንይ። ዋሽንግተን ያለች ገዢ የቀሚሱን ፎቶ አይታ «ጥለቱን በፀሐይ አሳዪኝ» ትላለች፤ ሻጯ ከሱቁ ደጅ ወጥታ ጨርቁን እያገላበጠች በቪዲዮ ትልክላታለች። የደረትና የወገብ ልኬት በድምፅ መልእክት ይመጣል። ቀሚሱ በልኳ ከደረሰ ለእህቷ ሰርግ የምታዝዘው ከዚያችው ሻጭ ነው።

በዚህ መሐል ግን አንድ ክፉ ልማድ ገባ፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ሻጩ ተፎካካሪ ዋጋዬን እንዳያይብኝ ብሎ ይሆናል፤ ገዢው ግን የሚገባው ሌላ ነው። ፎቶዬን አይቶ፣ ውጭ አገር መኖሬን አውቆ ዋጋ ሊቆልልብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። አንዳንዱ ሳይጠይቅ ያልፋል። ዋጋውን በግልጽ የጻፈ ሻጭ ቢያንስ ይህን ጥርጣሬ ከመነሻው ያስቀራል።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ክፍያው ቀለለ፤ የተጭበረበረ ስክሪንሾት ልኮ ዕቃ የሚወስድም ተከተለ። ስለዚህ ለአዲስ ገዢ ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ይረጋገጣል፤ ለነባሩ ደግሞ ዕቃው ቀድሞ ይላካል። ዱቤ ነው፣ በሌላ መልኩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው የካቲት 2015 ዓ.ም. ነው። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ቪፒኤን የማያውቅ ገዢ ከቻናሉ ጠፋ። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር የመዘገበ ነጋዴ ደውሎ ሊያገኛቸው ይችል ነበር፤ የተከታይ ብዛት ብቻ ሲቆጥር የኖረው ግን ማንን ብሎ ይደውል?

ዛሬ ብዙ የአዲስ አበባ ሻጮች ከፎቶው ግርጌ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር ይጽፋሉ። ገዢው በስልኩ መርጦ ይመጣል፤ ጨርቁን ዳስሶ፣ ተከራክሮ ይገዛል። በዚያች ቅጽበት ስሙንና ስልኩን መዝግቦ የሚያስቀር ሻጭ ግን ገና ጥቂት ነው።