ንጉሥ ያልገዛት፣ ጨረቃ ያስቀረቻት

በ1762 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሣልሳዊ የተሠራው ወርቅ ቅብ ሠረገላ 7,562 ፓውንድ ፈጀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አራት ቶን ይመዝናል፤ ስምንት ፈረሶች እየሳቡትም ከእግረኛ እርምጃ አይፈጥንም። በቆዳ ጠፍር ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ ንግሥት ቪክቶሪያ መሳፈሩን አይወዱትም ነበር። ያም ሆኖ በ2023 ንጉሥ ቻርልስ ሥርዓተ ንግሣቸውን ፈጽመው ወደ ቤተ መንግሥት የተመለሱት በዚሁ ሠረገላ ነው።

ፈረስ በሞተር ሲተካም ለነገሥታት የሚመጥን መጓጓዣ የመሥራት ሕልም አልቀረም። ሕልሙን እስከ ጥግ የወሰደው ኤቶሬ ቡጋቲ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ አልዛስ ባለው ፋብሪካው «ሮያል» የተባለችውን መኪና መሥራት ጀመረ። ሞተሯ 12.7 ሊትር፣ ርዝመቷ ከስድስት ሜትር በላይ ነው። በራዲያተሯ ክዳን ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ የብር ዝሆን አለ፤ ቅርጹ ቀደም ብሎ የሞተው ወንድሙ የሬምብራንት ቡጋቲ ሥራ ነው። ቡጋቲ ሃያ አምስት ሊሠራ አቅዶ ነበር። ነገር ግን የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ፤ ከነገሥታቱም አንድ እንኳ የገዛ አልተገኘም። የተሸጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ለአንድ የልብስ ነጋዴ፣ ለአንድ ሐኪምና ለአንድ እንግሊዛዊ ሻምበል። ነጋዴው አርማን ኤስደር በሌሊት ስለማይነዳ የእሱ መኪና ያለ ፊት መብራት ተሠራችለት።

የሐኪሙ መኪና ዕጣ ከሁሉም ይገርመኛል። ጀርመናዊው ዶክተር ዮሴፍ ፉክስ አገሩን ለቆ ሲሰደድ በሻንጋይ በኩል እስከ ኒው ዮርክ ይዟት ሄደ። እዚያ በአንድ ክረምት ውኃው ረግቶ ሞተሯን ሰነጠቀውና ቁራጭ ብረት ከሚከማችበት ግቢ ተጣለች። በ1943 ቻርልስ ቼይን የተባለ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ በ400 ዶላር ገዝቶ ነፍስ ዘራባት። ዛሬ ሚሺጋን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆማለች። በፈረንሳይ የቀሩት ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ናዚዎች እንዳይወስዷቸው ከግንብ ጀርባ ታሽገው ተደብቀው ነበር።

ገዢ ያጡት ሞተሮችስ? ቡጋቲ በፈረንሳይ የባቡር ሐዲድ ላይ አዋላቸው። ሁለት ወይም አራት ሆነው እየተጠመዱ ተራውን መንገደኛ በከፍተኛ ፍጥነት ይዘው ይበሩ ጀመር። ከዚህ ሰው ታሪክ እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ክፍል ነው። ለዘውድ የተሠራው ጉልበት በመጨረሻ ትኬት ቆርጦ ለሚሳፈር ሁሉ ሆነ። በ1987 ለንደን ውስጥ አንዷ ሮያል 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ስታወጣ ጨረታው የተካሄደው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር፤ ባቡሮቹ ግን ከሐዲድ ከወረዱ ቆይተዋል።

በጨረታ ከተሸጡት መኪኖች ሁሉ በዋጋ የበላይነቱን የያዘችው የ1955ቱ መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር ኩፔ ናት። ሁለት ብቻ ተሠሩ። ለቀጣዩ ዓመት ውድድር ታስበው ነበር፤ ነገር ግን በሰኔ 1955 በለ ማን ውድድር የፋብሪካው አንድ መኪና ተመልካቹ መሐል ገብቶ ከሰማንያ በላይ ሰው ሞተ። በዓመቱ መጨረሻ መርሴዲስ ከውድድር ወጣ። ሥራ ያጣችውን መኪና ዋናው መሐንዲስ ሩዶልፍ ኡለንሃውት ትልቅ ማርሚታ አስገጥሞ ቢሮ ይመላለስባት ጀመር። በግንቦት 2022 ከሁለቱ አንዷ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች፤ ገንዘቡም ለወጣቶች የትምህርት ዕድል መስጫ ተመደበ። ከፌራሪ 250 ጂቲኦዎች ወገን የሆነች አንዷ በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ያወጣችው 51.7 ሚሊዮን ዶላር እንኳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ግማሽ አይሞላም።

ይሁንና ይህ ሁሉ ገዢ የከፈለው ዋጋ ነው፤ ሲሠራ የፈጀው ሌላ ነው። በሁለተኛው ሚዛን ሰው ከነዳቸው መኪኖች ወደር የላትም የምላት የጨረቃዋ መኪና ናት። ቦይንግ ለናሳ አራት ሲሠራ ወጪው 38 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከአፖሎ 15 እስከ 17 ሦስቱ ጨረቃ ላይ ተነዱ፤ አንድ ላይ የሄዱት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ ማለት ነው። ምድር ላይ 210 ኪሎ ትመዝናለች፤ ተጣጥፋ ከመንኮራኩሩ ጎን ትታሰራለች። ጎማዋ ከፒያኖ ክር በተሠራ ሽቦ የተጠለፈ ነው። ጌጥ የሚባል ነገር የላትም፤ ከሽቦው እስከ ወንበሩ ሁሉም ለሥራ ነው፤ ውድነቷን የማከብረውም ለዚህ ነው።

በታኅሣሥ 1972 የአፖሎ 17 አዛዥ ዩጂን ሰርናን በመዶሻው ጠልፎ የኋላ ጎማዋን ፓራፋንጎ ሰበረ። ጎማው የሚረጨው አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚፍቅ፣ በላያቸው ላይ ተከምሮም ዕቃዎቹን የሚያግል ነበር። ከጓደኛው ከሃሪሰን ሽሚት ጋር አራት ካርታዎችን በፕላስተር አያይዘው በመቆንጠጫ አሰሩት፤ ፓራፋንጎ ሆነላቸው። ሊመለሱ ሲሉ ከመንኮራኩሩ ራቅ አድርገው አቆሟት። በመኪናዋ ላይ ያለውን ካሜራ ከሂዩስተን የሚቆጣጠረው ኤድ ፌንዴል፣ ምልክቱ ጨረቃ እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ አስልቶ፣ ትእዛዙን ቀድሞ ላከ፤ ካሜራውም ቀና ብሎ ሰዎቹ ሲነሡ ተከተላቸው። የካርታውን ፓራፋንጎ ሰርናን ይዞት ተመልሷል፤ ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ይታያል። መኪናዋ ካቆሙባት ቦታ አልተነቃነቀችም።