ፈንዲሻ፦ እያረረ የሚስቀው እህል

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ፈንዲሻ። «ደግሞ ስለ ፈንዲሻ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ትንሽ ታገሡን።

ፈንዲሻ አፈንድቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዳየው፣ ድስቱ ሲገለበጥ ከሥሩ ሳይፈነዳ የቀረ ፍሬ ይገኛል። ከፊሉ አሯል፤ ከፊሉም ጠጥሮ ጥርስ ይሰብራል። ለቡና ቁርስ በቤቱ የሚያፈነዳ ሰው ይህን ጠራርጎ ይጥለዋል። መንገድ ዳር ተቀምጣ ፈንዲሻ ለምትሸጥ እናት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቆሎውን የገዛችው በገንዘቧ ነው፤ ዘይቱንና ከሰሉንም እንዲሁ። ከ100 ፍሬ 30ው ከቀረባት፣ ለበቆሎ ካወጣችው ከ10 ብር 3ቱን ድስት ሥር ጣለችው ማለት ነው። ታዲያ ያ ፍሬ ለምን ቀረ? የዕድል ጉዳይ ነው? የበቆሎው ክፋት ነው? ወይስ የእጅ? መልሱን ለማግኘት የእህሉን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን እንመልከት። የውጭ አገር ታሪክ በምናነሣበት ጊዜ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ ቃሉን እናንብበው። ፈ - ን - ዲ - ሻ። አራት ፊደል ነው። የቃሉ መነሻ «ፈነዳ» የሚለው ግሥ ነው። እህሉ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው ማለት ነው። ነገር ግን የሚፈነዳ እህል በቆሎ ብቻ አይደለም፤ ማሽላም ይፈነዳል። በምጣድ ላይ ሲቆላ ውስጡ እየነጣ ይፈካል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ዐይተው፣ ጭንቀቱን በሆዱ ይዞ ፊቱን ለሚያፈካ ሰው «እያረረ ይስቃል እንደ ማሽላ» ሲሉ ተረቱ። ይህ ተረት እንግዲህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ማንም በመጽሐፍ ባይጽፈውም፣ እህል በእሳት ላይ ሲፈካ ሕዝባችን በደንብ አስተውሎት እንደነበረ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል።

ማሽላ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ አካባቢ በተደረገ ቁፋሮ፣ ሰው ማሽላን ማላመድ የጀመረው ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ተገኝቷል። በቆሎ ግን እንግዳ ነው፤ የመጣውም ከሩቅ ነው።

የበቆሎ አገሩ ሜክሲኮ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ ባልሳስ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ቴኦሲንቴ የሚባል የዱር ሣር ይበቅላል። የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ የዚያ አገር ሰዎች ይህን ሣር ማላመድ ጀመሩ። ሣሩን ብታዩት የበቆሎ አባት ነው ብላችሁ አታምኑም። ዛላው ከጣት አይበልጥም፤ የሚይዘውም ከ5 እስከ 12 ፍሬ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ፍሬ ድንጋይ በመሰለ ሽፋን ታሽጓል። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህን ጥርስ የማይደፍረውን ፍሬ ሰው መጀመሪያ ምን ብሎ በላው? የማይበላ ነገርስ ለምን ብሎ ዘራው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ካመጡት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጆርጅ ቢድል ነው። ቢድል የገበሬ ልጅ ነበር፤ ኋላ በ1958 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ሆኗል። እርሱ በ1939 ያሳተመው ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ የቴኦሲንቴ ፍሬ በእሳት ሲሞቅ ልክ እንደ በቆሎ ይፈነዳል፤ ፈንድቶም ከድንጋዩ ሽፋን ይወጣል። ወፍጮ ሳያስፈልግ እሳት ብቻ ምግብ ያደርገዋል ማለት ነው። በዚህ አስተያየት መሠረት ፈንዲሻ የበቆሎ ጨዋታ ሳይሆን ምናልባት የበቆሎ መጀመሪያ ነው።

ከሜክሲኮ በቆሎ ወደ ደቡብ ወረደ። በፔሩ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ፓሬዶኔስና ዋካ ፕሪየታ በተባሉ ሥፍራዎች በተደረገ ቁፋሮ፣ 6,700 ዓመት ገደማ የሆነው የበቆሎ ቆረቆንዳ ተገኝቷል። በ2012 የወጣው የጥናቱ ውጤት እንደገለጸው የዚያ አገር ሰዎች በቆሎን በልዩ ልዩ መንገድ ይመገቡ ነበር፤ አንዱም መንገድ ፈንዲሻ ነው። ብረት ድስት ሳይኖር፣ የሸክላ ዕቃ እንኳ ወደዚያ አካባቢ ሳይደርስ ፈንዲሻ ነበረ። በሺህ ዓመታት ውስጥ ከዓመት ዓመት ትልቁን ፍሬ እየመረጡ፣ ያን የዱር ሣር በቆሎ ያደረጉት ገበሬዎች ስማቸው አልተጻፈም። ሥራቸው ግን በያንዳንዱ የበቆሎ ፍሬ ውስጥ አለ።

ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ከተሻገረ ወዲህ በቆሎ በመርከብ ተጭኖ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተሠራጨ። ወደ አገራችን የደረሰው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመታት ገደማ ነው። ሰዉም እንግዳውን እህል በሚያውቀው እህል ስም «የባሕር ማሽላ» አለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ለማለት ነው። ዛሬ ይህ እንግዳ በምርቱ ብዛት በአገራችን እህሎች መካከል ቀዳሚውን ቦታ ይዟል። ረከቦቱ ሲቀርብ፣ ጀበናው ከእሳት ሲወርድ፣ ፈንዲሻው ከቆሎው አጠገብ ይቀመጣል። እንግዳው ቤተኛ ሆኗል።

አሁን ከጓሮ ወደ ፋብሪካ እንሻገር። በአሜሪካ ሰዎች ፈንዲሻን ከሽቦ በተሠራ ዕቃ ይዘው በግልጥ እሳት ላይ እየነቀነቁ ያፈነዱ ነበር። ከፊሉ ያራል፤ ከፊሉ ጥሬ ይቀራል። ቻርልስ ክሬተርስ የተባለ ጣፋጭ ነገር ሻጭ በ1885 ለሱቁ የለውዝ መቁያ መሣሪያ ገዛ። መሣሪያው እንደ ፈለገው ስላልሆነለት የራሱን ሠራ፤ ቀጥሎም በእንፋሎት ኀይል እየተነቀነቀ በቆሎን በዘይት ውስጥ የሚያፈነዳ መሣሪያ አወጣ። በ1893 በሺካጎ በተደረገው ታላቅ የዓለም ትርዒት ላይም ይዞት ቀረበ። የዚህ ሥራ ምሥጢር ምንድን ነው? ዘይቱ ነው። ዘይት ፍሬውን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚነካው ሙቀቱን አስተካክሎ ያደርስለታል። በ1930ዎቹ ዓመታት በዚያ አገር ሥራ ጠፍቶ ሕዝቡ በተቸገረ ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲም የሚሸጥ የፈንዲሻ ከረጢት ድኻው ሳይቀር የሚገዛው ነገር ሆኖ ቆየ።

ሌላም ሰው እንጥቀስ። ፐርሲ ስፔንሰር ይባላል። ወላጆቹ ሳያሳድጉት፣ በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ የገባ ልጅ ነበር። ኋላ የሬዲዮ ሥራ ለመማር ብሎ ባሕር ኀይል ገባ፤ ሌሊት ዘብ እየቆመ መጻሕፍትን በራሱ አነበበ፤ ሒሳቡንና ፊዚክሱን በዚያው ተማረ። በ1945 በራዳር መሣሪያ አጠገብ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረው ቼኮላታ ቀለጠበት። ሌላው ሰው ልብሱን ጠርጎ ያልፍ ነበር፤ እርሱ ግን «ለምን?» አለ። የበቆሎ ፍሬ አምጥቶ ከመሣሪያው ፊት ቢያስቀምጥ ፈነዳ። ዛሬ ማይክሮዌቭ የምንለው ምድጃ የተወለደው በዚህ ዐይነት ነው። አያችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ መጽሐፉ አልተዘጋም።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ፍሬው ለምን ይፈነዳል? ለምንስ ይቀራል?

ደረቅ የመሰለን የፈንዲሻ ፍሬ በውስጡ ውኃ አለው። ደኅና የፈንዲሻ በቆሎ ከ100 ግራሙ 14 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ቅርፊቱ ደግሞ ክዳኑ እንደ ተለሰነ ድስት ነው፤ እንፋሎት አያሳልፍም። ፍሬው ሲሞቅ ውኃው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ያጣል። ውስጡ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ግፊቱ ከውጭው አየር 10 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ቅርፊቱ ይሸነፋል፤ ያ ለስላሳ ገንፎ እንደ አረፋ ተነፍቶ ወዲያው በርዶ ይጠነክራል። በ2015 ኢማኑኤል ቪሮ እና አሌክሳንደር ፖኖማሬንኮ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህን በመሣሪያ ለኩት። በ170 ዲግሪ ሙቀት ከ100 ፍሬ የፈነዳው 34ቱ ብቻ ነበር፤ በ180 ዲግሪ ግን 96ቱ ፈነዳ። የ10 ዲግሪ ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ አመጣ። «ጧ» የሚለው ድምፅም የቅርፊቱ መሰበር ሳይሆን የእንፋሎቱ ማምለጥ መሆኑን አስረዱ። ማሽላም ቢሆን የሚስቀው ስላረረ ሳይሆን በሆዱ ውኃ ስላለ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ድስት ሥር የሚቀረውን ፍሬ ምክንያት መቁጠር እንችላለን። አንደኛ፣ ፍሬው ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ከርሟል፤ ወይም ክፍት ጆንያ ውስጥ ቆይቷል። ሁለተኛ፣ ቅርፊቱ ተበስቷል፤ ነቀዝ የበሳው ወይም የተሰነጠቀ ፍሬ እንፋሎቱን ያስመልጣል። ሦስተኛ፣ ሙቀቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። አራተኛም አለ፤ ዘሩ የፈንዲሻ በቆሎ አይደለም። ለእንጀራና ለቂጣ የምንፈጨው ትልልቁ በቆሎ ቢሞቅም እንደ ፈንዲሻው ትንንሽና ጠንካራ ፍሬ አይፈካም።

አሁን ወደ ምድጃው እንቅረብ። ወፍራም ሥር ያለው፣ 3 ሊትር የሚይዝ ድስት ውሰዱ። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጉበት። ቅቤ በዚህ ጊዜ አትጨምሩ፤ ቶሎ ያራልና በኋላ አቅልጣችሁ አፍስሱበት። መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱና 3 ፍሬ ብቻ ጣል አድርጉ። ሦስቱም ሲፈነዱ ዘይቱ ደርሷል ማለት ነው። የፈነዱትን አውጥታችሁ ግማሽ ብርጭቆ በቆሎ ጨምሩ፤ ከዚያም ድስቱን ከድናችሁ ከእሳቱ አውርዱትና እስከ 30 ቁጠሩ። ሰዎች የሚዘልሉት ይህን ነው። በዚህች ጊዜ ፍሬው ሁሉ ተመሳሳይ ሙቀት ይይዛል፤ ወደ እሳቱ ሲመለስም አንድ ላይ ይፈነዳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለም?

ድስቱን መልሳችሁ ጣዱት፤ እየነቀነቃችሁ ክዳኑን በትንሹ ገርበብ አድርጉት። እንፋሎቱ ካልወጣ ፈንዲሻው ይረጥባል፤ ሲበሉትም እንደ ጎማ ይሳባል። በአንዱ «ጧ»ና በሚቀጥለው መካከል እስከ 3 መቁጠር ስትችሉ አውርዱት። ጨው የሚነሰነሰው ያኔ ነው፤ የላመ ጨው ከተጠጠረው ይልቅ ይይዛል። የጋለ ዘይት ትታችሁ አትሂዱ፤ እሳት ቢይዘው ክዳኑን ድፉበት እንጂ ውኃ አታፍስሱ። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት። ለሕፃናትም ፈንዲሻ አትስጡ፤ ጉሮሯቸው ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

በቆሎው ደርቆባችሁ ከሆነ አትጣሉት። ግማሽ ኪሎውን ጠርሙስ ወይም ጥሩ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉና 1 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምሩበት። ከድናችሁ ነቅንቁት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየነቀነቃችሁ 4 ቀን አቆዩት። ከዚያ ጥቂቱን ሞክሩ። ሲፈነዳላችሁ ቶሎ ቶሎ ሥሩበት፤ የረጠበ እህል ብዙ ከቆየ ይሻግታልና። ሌላ ጊዜም ፈንዲሻችሁን ፀሐይ አታስጡት፤ በተከደነ ዕቃ አኑሩት።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። 100 ፍሬ ቁጠሩ። አፈንዱት። የቀረውን ቁጠሩና ቀኑን፣ በቆሎው የተገዛበትን ቦታ፣ የቀረውን ፍሬ ብዛት በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ነጋዴ ገዝታችሁ ድገሙት። ፈንዲሻ ሻጯ እናት ይህን አራት ሳምንት ብትጽፍ፣ የትኛው ነጋዴ የደረቀ በቆሎ እንደሚሸጥላት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ገበያ ላይም በወረቀት ይዛ ትከራከራለች። ብዙዎቻችሁ ይህን ሁሉ በእጃችሁ ታውቁት ይሆናል። እጅ የሚያውቀው ግን ከባለእጁ ጋር ይቀራል፤ የተጻፈው ለልጅም ለጎረቤትም ይተርፋል።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። ደኅና ሁኑ።