ስለ ፍኖተ ሰላም መንገድና ስለ ምድር ባቡር

ፍኖት በግእዝ መንገድ ማለት ነው። በምዕራብ ጎጃም ያለችው የፍኖተ ሰላም ከተማ ስሟ ሲተረጐም የሰላም መንገድ ይሆናል። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበረ፤ ያሁኑን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ስሟ ከመንገድ መወሰዱ የሚገባ ነው፤ የዚያ አገር ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነውና።

ፊተኛው መንገድ የእግረኛና የአጋሰስ ነበረ። ሲራራ ነጋዴ በቡሬ ገበያ ሸጦና ገዝቶ፣ የዓባይን ቈላ ወርዶ ወደ ወለጋ ይሻገር ነበር። ይህን መንገድ ያወጣው መሐንዲስ አይደለም፤ የሰውና የከብት እግር ነው። ዛሬ በጎጃም ሜዳው ሁሉ ታርሶ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ዝግባው በብዛት የቀረው በየደብሩ ዙሪያ ስለ ሆነ፣ እግረኛ ጥላ የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ደን ሥር ነው።

ይኸው አገር በ1933 ዓ.ም. የነጻነት መንገድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ከሱዳን በኦሜድላ ገቡ፤ ስንቅና ጥይት የተጫኑ ብዙ ሺህ ግመሎች በበረሃውና በዳገቱ አለቁ። አርበኞችና የእንግሊዙ መኰንን ዊንጌት የሚመራው ጦር ወደ ደጋው በወጡ ጊዜ ጠላት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ፤ ከዚያም በማንኩሳና በደምበጫ በኩል አፈገፈገ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ።

ምድር ባቡር ግን ጎጃምን አላየም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የፈቀዱት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። መንገዱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ በሌላ ሐዲድ ሆነ። ለፍኖተ ሰላምም ከዚያ በፊት በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ሐዲድ ተጽፎላት ነበር፤ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርድ። ነገር ግን በወረቀት ቀረ፤ በፍኖተ ሰላም ምድር ላይ አንድ ብረት አልተነጠፈም።

በውጭ አገር የሆነውን ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ ያለው ባቡር ሥራውን ባቆመ ጊዜ ሐዲዱ ተነሣ፤ በእኛ አቈጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ 51 ኪሎ ሜትር የሚያህለው ስፍራ በደን መካከል ለእግረኛና ለብስክሌት ተሰጠ፤ ሦስቱ ዋሻዎችም መተላለፊያ ሆኑ። ባቡር ጽኑ ዳገት መውጣት ስለማይችል መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌም ሕፃንም ያለ ድካም ይሄድበታል።

እነርሱ ከባቡር በኋላ እግረኛን አሰቡ። እኛ ግን ዕድል አለን፤ ከባቡር በፊት ልናስበው እንችላለን። ወደ ገበያ እንቅብ ተሸክማ የምትሄደው እናት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ፣ ለንግሥ የሚጓዘው ምእመን ዛሬም በጥርጊያው ጠርዝ፣ በመኪና አቧራ ውስጥ ይሄዳሉ። ሐዲድ ወይም ሌላ አውራ መንገድ ሲነደፍ በአጠገቡ የእግረኛ መንገድ ቢተው፣ ዛፍም ቢተከልበት፣ የተቈረጠው ደን ጥቂት ይካሳል። የቀድሞውም መንገድ በማረሻ እንዳይጠፋ የየቀበሌው ሽማግሌዎች ወሰኑን ቢያስከብሩ መልካም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መንገድ ሰላም ይሻል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ አገር የተነሣው ጦርነት መንገደኛውን ምን ያህል እንዳስጨነቀው አንባቢ ያውቃል። መሐንዲስ ድንጋይ ያነጥፋል፤ እግረኛ ሳይፈራ የሚሄድበት መንገድ ግን በድንጋይ ብቻ አይሠራም። የከተማይቱ ስም ከእኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።