«ፔዳንት» የሚለው ቃል ታሪክና ትርጓሜ

በአውሮፓ ቋንቋዎች «ፔዳንት» የሚባለው፥ የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ በጥቃቅኑ የሰዋስው ሕግ ከመጠን አልፎ የሚጨነቅ፥ ዕውቀቱንም ያለ ቦታው የሚያሳይ ነው። ቃሉ ግን ሲጀመር ስድብ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያንኛ «ፔዳንቴ» ማለት የልጆች መምህር ማለት ነበር።

የሙያው ስም ወደ ነቀፌታ የተለወጠበት አንዱ ምክንያት ከቤተ መንግሥት ልማድ የመጣ ነው። ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1528 ባሳተመው ስለ ቤተ መንግሥት ባለሟል በሚናገረው መጽሐፉ፥ ጨዋ ሰው ጥበቡን ድካም እንዳላገኘው አድርጎ እንዲያሳይ ይመክራል። ዕውቀቱ እንጀራው የሆነ መምህር ግን ድካሙን ሊሰውር አይችልም፤ ስለዚህም በዘመኑ ኮሜዲ ላቲን እየቀላቀለ የሚናገር መሳቂያ ሆነ። ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴኝ በ1580 በታተመው ድርሰቱ፥ በልጅነቱ በኢጣልያ ኮሜዲ መምህር ሁልጊዜ ሲሳቅበት እያየ ያዝን እንደ ነበር ያወሳል። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ፥ ትዝታን ብቻ ሞልቶ ልቡናን ባዶ የሚተወውን ትምህርት አጥብቆ ነቅፎአል።

በ1598 በታተመው የሼክስፒር «የፍቅር ድካም ከንቱ ሆነ» በተባለው ተውኔት፥ ሆሎፈርነስ የተባለው መምህር «ዳውት» (ጥርጣሬ) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የምትጻፈውን «ቢ» ሳያሰሙ የሚናገሩትን ይወቅሳል። ፊደሏ የላቲኑን ሥር ለማሳየት በጽሕፈት የገባች ናት፤ ዛሬም ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። መምህሩ ስለ ቃሉ ሥር አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ስለ ሰው አነጋገር ነው።

በአማርኛ ወደዚህ አሳብ የሚቀርበው «ተራቃቂ» የሚለው ቃል ነው፤ ነገር ግን መራቀቅ ምስጋና የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚለየው ቦታው ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት፥ «ሰረቀ» ግን ሌብነትን ያመለክታል። የብራና መጽሐፍ የሚመረምር ሊቅ ሁለቱን አጥብቆ ቢለይ ሥራውን ፈጸመ ይባላል፤ የሐዘን ደብዳቤ ደርሶት፥ ከማዘኑ በፊት ፊደሉን የሚያርም ግን ስሙ ፔዳንት ነው።

እንግዲህ ቃሉ የሚነቅፈው ዕውቀትን ሳይሆን ዕውቀት ያለ ቦታው መዋሉን ነው። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ፥ ስድቡ ሰነፍ ተማሪ ትጉሁን መምህር ዝም የሚያሰኝበት መሣሪያ ይሆናል።