«ብቻ» የምትል ቃል



«ሰው የሚድነው በእምነት ነው ወይስ በምግባር?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲነሣ፣ ተማሪው መልሱን ከየቤተ እምነቱ ይዞት እንደሚመጣ ደጋግሜ አስተውያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው መልሱን ሳይሆን የክርክሩን ታሪክ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርቲን ሉተር በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፣ በሮሜ 3፥28 ላይ በግሪኩ የሌለች «ብቻ» የምትል ቃል ጨመረ። በ1530 ለተቺዎቹ በጻፈው ደብዳቤም፣ የጀርመንኛው አነጋገርም የጳውሎስ ሐሳብም ቃሏን እንደሚሹ ተከራከረ። የያዕቆብ መልእክት ግን ለተቃዋሚዎቹ ጽኑ ማስረጃ ሆነ፤ «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ በያዕቆብ 2፥24 የሚገኘው በአሉታ ነውና። የትሬንት ጉባኤም በ1547 ትምህርቱን አወገዘ።

ለመሆኑ ሁለቱ ወገኖች የተከራከሩት ስለ አንድ ነገር ነበርን? ለሉተር እምነት ማለት በክርስቶስ ላይ ፈጽሞ መታመን ነው፤ ምግባርም እንደ ፍሬ ከዚያ ይወለዳል። ለትሬንት አባቶች ግን እምነት የመዳን መጀመሪያና ሥር ነው፤ ተስፋና ፍቅር ካልተጨመሩበት ሰውን ከክርስቶስ ጋር ፍጹም አያዋሕድም። ቃሉ አንድ፣ ፍቺው ሁለት ነበር።

ሉተራውያንና ካቶሊኮች በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ የፈረሙት በ1999 ነው። ልዩነቱ ሁሉ ባይወገድም፣ በመግለጫው የሰፈረውን ትምህርት የቀደሙት ውግዘቶች እንደማይመለከቱት ተስማሙ። ይህ ከ450 ዓመታት በላይ ወሰደ። እኛ ግን ከመፋረዳችን በፊት «እምነት ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለን ዛሬውኑ መጠየቅ እንችላለን።