የሾፌሩ መርፌ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚነዳን ሾፌር «ሰሜን ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀልድ ይመስላል። ጣርማበርን አልፎ ደብረ ሲናን ከወረደ፣ ሸዋ ሮቢትን ተሻግሮ ሰንበቴንና አጣዬን ካለፈ በኋላ መንገዱ ራሱ ይመራዋል። በግራው የደጋው ተራራ ተገትሯል፤ በቀኙ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ አለ፤ በመካከል የጨፋ ሜዳና የቦርከና ወንዝ ተዘርግተዋል። መሪውን ይዞ ከቀጠለ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚሴን ያገኛል፤ ከዚያም ኮምቦልቻ ይገባል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሾፌር ዳሽቦርዱ ላይ ኮምፓስ ምን ያደርግለታል?

ታሪክም ቢጠየቅ ለጊዜው ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጥም። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የባዶሊዮ የሞተር ሠራዊት ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ሲነሳና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገባ፣ ዋናው ሰልፍ የተጓዘው በዚሁ ሸለቆ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠና የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ወጣ። ኮምቦልቻ በር ላይ ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። ወራሪውም ሆነ አባራሪው መንገዱን የያዘው በሸለቆው እንጂ በመርፌ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ግን መንገድ በሌለበት አገር፣ በሊቢያ በረሃ፣ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። ራልፍ ባግኖልድ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን አሸዋውን በመኪና ሲያቋርጥ የማግኔት ኮምፓስ አስቸገረው። የመኪናው አካል ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ መርፌን ይስባል። ባግኖልድ ችግሩን የፈታው ወደ ጥንቱ ብልሃት ተመልሶ ነበር፤ በመኪናው ላይ ክብ ሰሌዳ ገጠመና በመካከሉ ቀጭን ዘንግ አቆመ፤ አቅጣጫውን ከዘንጉ ጥላ ማንበብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመው የበረሃ ቃፊር ጦሩም የተጓዘው በዚህ የፀሐይ ኮምፓስ ነበር። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልኝ፤ ኮምፓስን መኪና ውስጥ ማስገባት ማለት ሚዛንን ከሚጎትተው እጅ አጠገብ ማስቀመጥ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከሚሴ እንመለስ። ለከሚሴ ሾፌር የኮምፓስ ጉዳይ ከደሴ መንገድ ጋር የተያያዘ አይደለም። ጉዳዩ የሶላት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ከአገሩ ርቆ፣ መስጊድ በማይታይበት ሜዳ ላይ መኪናውን አቁሞ ወደ ቂብላ መዞር አለበት። ቂብላው ደግሞ በአገሩ የሚያውቀው ቂብላ ላይሆን ይችላል።

ካርታ ይገለጥ። ከሚሴ የምትገኘው ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 39 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። መካ ያለው ካዕባ የቆመው 39 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ቢኖርም፣ ወደ ጎን ያለው ፈቀቅታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የከሚሴ ቂብላ ሰሜን ነው፤ «ወደ ሰሜን ገደማ» ሳይሆን ሰሜን። ባቲም ብትሆን ልዩነቷ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ዞን በትክክል የተሠራ መስጊድ ሁሉ በድንጋይ የታነጸ ኮምፓስ ነው ማለት ይቻላል፤ ሚህራቡን ያየ ሰሜንን አየ።

ቋንቋውም አስገራሚ ነገር አለው። አማርኛችን ከግዕዝ የወረሳቸው «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» የፀሐይን መውጣትና መግባት የሚናገሩ ቃላት ናቸው። ኦሮምኛም ምሥራቅን «በሃ» ሲል መውጣትን ማለቱ ነው። ሰሜንን ግን «ካባ» ይለዋል። ይህን ቃል ከካዕባ ስም ጋር ዘመድ ለማድረግ የሚያበቃ ማስረጃ አላቀርብም፤ የድምፅ መገጣጠም በየቋንቋው ሞልቷል። ሁለቱ ድምፆች በአንድ አቅጣጫ የሚገናኙባት ከተማ ግን ከሚሴ መሆኗ ደስ ያሰኛል።

ሾፌሩ ከከሚሴ ሲርቅ ነገሩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ ቂብላው ከሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ይላል። መተማ ከደረሰ 22 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ጭነት ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በባቲና በሚሌ የሚወርደው መኪና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ይነዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ቂብላው ከሰሜን ወደ ምዕራብ 17 ወይም 18 ዲግሪ ይዞራል። እንግዲህ የከሚሴው ሰው የአገሩን ሰሜን ይዞ ወደ መተማም ወደ ጅቡቲም ቢሄድ አይሆንለትም። ከመካ ለራቀ ሰው አቅጣጫውን መጠበቅ በቂ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ጥቂት ዲግሪ ሶላቱን አያበላሽበትም። ነገር ግን ሳይመረመር የተለጠፈ የመኪና ኮምፓስ በ30 እና በ40 ዲግሪ ሊስት ይችላል። ይህ ጥቂት አይደለም።

ኮምፓስን ለዚህ ጉዳይ ማዋል የዛሬ ሐሳብ አይመስለንም። መርፌዋ በቻይና መጻሕፍት የተጠቀሰችው እ.ኤ.አ. በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሼን ኩዎ በ1088 ገደማ ጽፎላታል። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የመን ውስጥ፣ በኋላ ሱልጣን የሆነው አል አሽረፍ ዑመር እ.ኤ.አ. በ1290 አካባቢ በጻፈው ድርሳን ኮምፓስን ቂብላ ለመፈለጊያ እንዴት መሥራትና መጠቀም እንደሚቻል አብራርቷል። ከከሚሴ በስተደቡብ የይፋት ሱልጣኔት የተጠናከረው በዚያው ዘመን ነበር። ስለዚህ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠችው ኮምፓስ ዕድሜዋ ከመኪናው ዕድሜ ይበልጣል፤ መኪና በአገራችን የታየው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነውና።

አሁን ወደ ምርጫው። የትኛዋ ኮምፓስ ትታመናለች? ኢትዮጵያዊ ገዢ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት፣ ፋብሪካዎቹ ለአውሮፓ የሚያዘጋጁት መርፌ እዚህ ሲመጣ ሚዛኑን ሊስት እንደሚችል ነው። የምድር ማግኔት መርፌን ወደ ሰሜን ብቻ አያዞርም፤ ወደ ታችም ይጎትታል። ይህ ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል በፊንላንድ መርፌውን ከ70 ዲግሪ በላይ ያዘነብለዋል። በኢትዮጵያ ግን ወደ ዜሮ የቀረበ ነው፤ የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በአገራችን ላይ ያልፋልና። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ከተማዋ ለዚህ መስመር ቅርብ በመሆኗ ነበር። ኦብዘርቫቶሪው ለማግኔት ቢቋቋምም ስሙ የገነነው በመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ከከሚሴ በስተደቡብ ያለችውን ካራ ቆሬን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ እሳቸው ካጠኗቸው አንዱ ነው።

ስለዚህ ለስካንዲኔቪያ የተመዘነ መርፌ እዚህ ሲመጣ አንድ ጫፉ ይዘቅዝቅና ክዳኑን እየነካ ይነክሳል። ሲገዙ ኮምፓሷን ከማንኛውም ብረት አርቀው በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያኑሯት። መደቧ ከተንጋደደች ወይም ሲያዞሯት እየተንቀረፈፈች ከቆመች ይመልሷት። ለሁሉም የዓለም ክፍል ወይም ለምድር ወገብ አካባቢ የተመዘነች መሆኗ ቢጻፍባት ይመረጣል። ፈሳሹ ሙሉ ይሁን፤ ትልቅ የአየር ፊኛ ያለባት ኮምፓስ ፈሳሿ እየሾለከ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ትናንሽ ማረሚያ ብሎኖች ይኑሯት፤ አንዱ ለሰሜንና ለደቡብ፣ ሌላው ለምሥራቅና ለምዕራብ። እነዚህ የሌሏት ኮምፓስ ለመኪና ጌጥ ናት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ እንደገዙ ወዲያው መለጠፍ አይገባም። ከስፒከር፣ ማግኔት ካለው የስልክ ማስቀመጫ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሞተርና ከወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ አለባት። ቦታዋ ሲመረጥ ሞተሩ ይነሳ፣ መብራቱም ይብራ፤ አንዱ ሲበራ መርፌዋ ከዘለለች ቦታው አልተስማማትም። ፌሮ የጫነ መኪና ባዶውን የታረመችውን ኮምፓስ ሊያስታት እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ እርማቱ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ከሚሴ ሌላው ከተማ የሌለውን ዕድል ትሰጣለች። ከቆርቆሮና ከብረት ምሰሶ ራቅ ብሎ፣ የመኪናውን አፍንጫ ሚህራቡ ወደሚያይበት ማዞር ነው። ብረት በማይስበው መፍቻ፣ በነሐስ ወይም በፕላስቲክ፣ አንደኛውን ብሎን እያዞሩ መርፌውን ሰሜን ላይ ማሳረፍ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሁለተኛው ብሎን ምሥራቅን ማስያዝ። ወደ ደቡብ ሲዞሩ የሚታየውን ስሕተት ግማሹን ብቻ ማስተካከል፤ በምዕራብም እንዲሁ። ግማሹን ብቻ የሚባለው ሙሉውን ካረሙት የፊተኛውን ስለሚያበላሹ ነው። የመርፌው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን በዚህ አካባቢ የሚለያዩት በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለሾፌር አሳሳቢ አይደለም።

መስጊዱ ራሱስ ቢሳሳት? በዓለም ዙሪያ አቅጣጫቸው ፈቀቅ ያለ ጥንታዊ መስጊዶች ብዙ ናቸው። ለዚህም ዳኛ አለ፤ ባግኖልድ የተማመነባት ፀሐይ። በየዓመቱ ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ እንዲሁም ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ፣ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። ሰዓታችን ከመካ ሰዓት ጋር አንድ ነውና ሒሳብ አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ከሚሴ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ ቢንጠለጠል ጥላው በቀጥታ ወደ ደቡብ ያርፋል፤ ጀርባው ቂብላ ነው። ጥላው አጭር ስለሆነ፣ የአንድ ሜትር ገመድ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጥል፣ ረዘም ያለ ገመድ ይሻላል። ሐምሌ ደመና ይበዛዋልና ግንቦትን መምረጥ ነው። «የቀትር ፀሐይ በደቡብ ናት» የሚለው የአውሮፓ መጽሐፍ ግን እዚህ አይሠራም፤ ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ የከሚሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ስልኩ በሳተላይት የት እንዳለን ይነግረናል፤ ወዴት እንደምንሄድም የሚያውቀው ስንንቀሳቀስ ነው። ቆመን ወዴት እንደዞርን ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው በውስጡ ባለች የማግኔት መለኪያ ነው፤ እሷም እንደ መርፌዋ ብረት ያስታታል። ሶላት ደግሞ የሚሰገደው ቆሞ ነው። እንግዲህ አሮጌዋም አዲሲቷም መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፤ ከራሳቸው ውጪ የሚመሳከሩበት እውነት።

ያ እውነት በዚህ አካባቢ መሬት ላይ ተጽፏል። መስጊዱ ወደ ሰሜን ያያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ ወደ ምሥራቅ። ሁለቱ በአንድነት የኮምፓስን መስቀል ይሠራሉ፤ አንደኛው ብሎን በአንዱ፣ ሁለተኛው በሌላው ይታረማል። መቃብራቸውም ቢታይ የሚገርም ነው። ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ ስለሚያዞር መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ክርስቲያኑም ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ሆኖ ስለሚቀበር የእሱም መቃብር በዚያው መስመር ይዘረጋል። ፊታቸው በየራሱ አቅጣጫ ሆኖ፣ የከሚሴ ሙታን በአንድ መስመር ተኝተዋል።